ባውባው

በእናቴ ተዝካር ማግስት፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣
የዕድሩ አግዳሚ በጋሪ ተጭኖ፣ ግቢው ሰው ጎድሎ፣
ጋሽ ይንገሱ ጫማ ሰፊው ከደጃችን ቆመ፤
አፉን ከፈት አርጎ መልሶ ገጠመ።
ከካፖርቱ ብብት አወጣ አሻንጉሊት፣
ክንዶቿን የዘረጋች፣ በላስቲክ የተጀቦነች ሙሽሪት።
ሆዷን ጫን አረጋት።

«ባው ባው ዎ!»

«ምን አለች?» አሉ ሴቶቹ።
ማን ያውቃል። የቻይና ናት።
ስም ግን ወጣላት፦ ባውባው።

ዶሮ ማነቂያ፣ የቀበሌ ቤት፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ቆጥ።
አክስቴ ጥሩወርቅ ሁለታችንን ተረከበች፤ ባውባውን ለጌጥ
ከማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ጎን፣ ቡፌው አናት ላይ፣
«ትቆሽሻለች፤ እጅሽ ሲነካት እንዳላይ!»
እኔን ደግሞ ቆጡ ላይ።
ክፉ ሴት አልነበረችም።
አትክልት ተራ ቲማቲም ስትለቅም ውላ፣
ማታ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ
እንደ ሰው ዕቃ ታስቀምጣቸው ነበር።

አክስቴ ስታንኮራፋ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣
ከቆጡ ተንጠልጥዬ ክንዴ እስኪለጠጥ
በመሃል ጣቴ ጫፍ ሆዷን እጫናለሁ።
«ባው ባው ዎ!»
ቃሏ ያው አንድ ነው፤ ትርጉሙን እኔ እሰፋላታለሁ።
ሰኞ፦ «እናትሽ ራስ መኮንን ድልድይ ደርሳለች።»
ማክሰኞ፦ «ወንዙ ሞልቶባት ማዶ ቆማለች።»
ሐሙስ፦ «ጫማዋ ተበጥሶ፣ ጋሽ ይንገሱ ጋ ተቀምጣለች።»
እሑድ ምንም። እሑድ የጊዮርጊስ ደወል ይበልጣታል።

አንድ ሌሊት ድምጿ ወፈረ፤ ባ…ው አለች እንደ ሽማግሌ።
«ድንጋይ ጨርሳለች» አለኝ የጎረቤት ልጅ፣ ናሁሰናይ።
ድንጋይ!
ለካ እሷን የሚያናግራት ድንጋይ ነው።
እኔም ደረቴ ውስጥ አንድ አለኝ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፤
ምነው እኔን ዝም አሰኘኝ?
ሁለቱን አውጥቼ ነከስኳቸው፤
ቆርቆሮው ላይ አሰጣኋቸው፤
ፀሐይ ሁለት ቀን አስነሳቻቸው።
በሦስተኛው ቀን ፀሐይም አቃታት።

ማደግ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው የመጣው፦
አንድ የክረምት ቀን፣ እንግዳ ቤት ሞልቶ፣
እጄ ሳልንጠራራ ቡፌው አናት ደረሰ፤
ያነሳሁትም ብርጭቆ ነበር።

ሰፈሩ ሲፈርስ ካርቶን ውስጥ ገባች፤
ከድስት ክዳን ጋራ ጀሞ ተጫነች።
እኔ ግን ተመልሼ መጣሁ፤
ዛሬ ጓሯችን በነበረው መሬት፣ ከቆርቆሮው አጥር ውስጥ
ሲሚንቶ እቆጥራለሁ፦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ።
የሳይቱ አለቃ ቻይናዊ ነው፤ ለሰው ፊት የማይሰጥ፣
በምሳ ሰዓት ግን ስልኩን ከረጢት ላይ አስደግፎ
ሩዙን ረስቶ ያፈጣል።
ትናንት በኋላው ሳልፍ
መስታወቱን የሞላች አንዲት ፍሬ ልጅ
ሁለት ክንዶቿን ዘርግታ ስልኩ ውስጥ ታለቅሳለች፦
«ባው ባው! ባው ባው!»

ማንም አልተረጎመልኝም።
ክንዶቿ በቁኝ።
ደረሰኙን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤
ስንት ከረጢት እንደገባ እስካሁን አላውቀውም።

እቀፊኝ ነው ለካ።
እቀፊኝ ስትለኝ፣ አንቺዬ፣ ስንቱን ሌሊት፣
እናቴን በድልድይ ሳሻግር፣ በወንዝ ሳቆም፣
አንቺ እኮ ስለ እናቴ አንድም ቀን አላወራሽም።

ቅዳሜ ከካርቶኑ አወጣኋት።
ድንጋይ ማስገቢያዋ አረንጓዴ ዝገት በቅሎበታል፤
ፒያሳ፣ ጃንጥላ ሥር የሚቀመጥ ሰዓት ሠሪ አውቃለሁ፣
ምናልባት።
ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ያዝን፤ አጠገቤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።
ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱ ወደ መንገዱ፣
«ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው የቀረው!»
ከዚያ ዞር እንኳ ሳይል፦
«እህት፣ ልጅ ይታቀፍ እንጂ!»

ታቀፍኳት።
አንድ ሰው ገባ፤ በሩ ተዘጋ።